ያገለገለ ፌሪስ ዊል ወደ ኮምቦልቻ ከመምጣቱ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሦስት ወንድማማቾች ነን። ኮምቦልቻ ውስጥ 4,000 ካሬ ሜትር ቦታ በሊዝ ይዘናል። ታላቃችን ዱባይ ሲሠራ ሌጎላንድና ሞሽንጌት የተባሉትን የመዝናኛ ፓርኮች አይቶ መጥቷል፤ ለወሎ ልጆች እንዲህ ያለ ፓርክ መክፈት እንፈልጋለን። አንድ ደላላ ከቱርክ ያገለገለ 30 ሜትር ቁመት ያለው ፌሪስ ዊል (ሰው ጭኖ ሽቅብ የሚዞር ግዙፍ ጎማ) እና ተወዛዋዥ መርከብ በአዲሱ ሩብ ዋጋ አመጣለሁ ብሎናል፤ ሰርተፊኬትም አላቸው። ሌላ ሰው ደግሞ የሲክስ ፍላግስ ወይም የዲዝኒ ቅርንጫፍ ማምጣት ይቻላል ይላል። የትኛው ያዋጣል? ወይስ ደሴ ላይ ቦታ ብንፈልግ ይሻላል?»

የቅርንጫፉን ነገር በቅድሚያ ልዝጋው። እነዚህ ኩባንያዎች ለመጣ ሁሉ የሚያድሉት ውክልና የላቸውም። ሲክስ ፍላግስ እ.ኤ.አ. በ1961 ቴክሳስ ውስጥ በአንድ ፓርክ ጀመረ፤ በ2024 ከተቀናቃኙ ሴዳር ፌር ጋር ሲዋሃድ በአሜሪካ፣ በካናዳና በሜክሲኮ 42 ፓርኮች የያዘ ኩባንያ ሆነ። ዲዝኒ ከአሜሪካ ውጭ የከፈተባቸው ከተሞች ቶኪዮ፣ ፓሪስ፣ ሆንግ ኮንግና ሻንጋይ ብቻ ናቸው። የቶኪዮው ለእናንተ ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው፤ ባለቤቱ ኦሪየንታል ላንድ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ነው። መሬቱም፣ ግንባታውም፣ ኪሳራ ቢመጣ ኪሳራውም የእሱ ነው፤ ዲዝኒ ስሙንና ዕውቀቱን ሰጥቶ ከገቢው ድርሻ ይወስዳል። በ2025 አቡ ዳቢ ላይ እንደሚሠራ የተነገረው ፓርክም በዚሁ ዓይነት ውል ነው። ስለዚህ በ4,000 ካሬ ሜትር ላይ ቅርንጫፍ አመጣለሁ ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ አንድ ብር አትስጡት።

ስም መግዛት ቢቻል እንኳ ፓርኩ ይቆማል ማለት አይደለም። የሲክስ ፍላግስን ስም ይዞ ዱባይ ላይ ሊሠራ የነበረው ፓርክ በ2019 ገንዘብ አጥሮት ቆመ፤ ቻይና ውስጥ የታቀዱትም በ2020 ተሰረዙ። ወንድማችሁ ካያቸው ፓርኮች ጎን የነበረው ቦሊውድ ፓርክስ በ2023 ተዘግቷል። አንካራ ውስጥ በ2019 የተከፈተው እጅግ ግዙፉ ዎንደርላንድ ዩሬዥያ ዓመት ሳይሞላው በሩን ዘጋ። ሲክስ ፍላግስ ራሱ በ2009 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ ፍርድ ቤት ቀርቧል። እነዚህ ሁሉ ብረት አልጎደላቸውም። ፓርክን የሚያኖረው በየቀኑ የሚከፈተው በር፣ ዳግመኛ የሚመጣው ቤተሰብና በየጧቱ የሚደረገው ጥገና ነው፤ ይህን ደግሞ ደላላ በኮንቴይነር አያመጣላችሁም።

አሁን ወደ ፌሪስ ዊሉና ወደ መርከቡ። ሥራዬ የብረት አካል መመርመር ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም ማለቴ አይቀርም። ተወዛዋዥ መርከብ ወዲያና ወዲህ ባለ ቁጥር ክንዶቹ፣ ዋናው ዘንግና የብየዳ መገጣጠሚያዎቹ በተፈራራቂ ይሳባሉ፣ ይታመቃሉ። አንድ ዙር ጨዋታ 30 ጊዜ ቢወዛወዝ፣ በቀን 60 ዙር ቢሠራ፣ በዓመት 300 ቀን ቢከፈት፣ 540,000 ጊዜ ይጫናል ማለት ነው። ብረት አንድ ጊዜ ቢጫንበት በቀላሉ የሚችለውን ጭነት እንዲህ ሲደጋገምበት ከብየዳው ጠርዝ ላይ በዓይን የማትታይ ስንጥቅ ያወጣል። ስንጥቋ ለዓመታት ቀስ እያለች ትሄዳለች፤ የቀረው ብረት መሸከም ሲያቅተው ግን የመጨረሻው ስብራት በቅጽበት ነው። አዲስ ቀለም ይህን አያድንም፤ እንዲያውም ይሸፍነዋል። ያገለገለ ማሽን ለሽያጭ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚደረግለት ደግሞ ቀለም መቀባት ነው።

ሁለተኛው ጠላት ከውስጥ የሚበላ ዝገት ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2017 በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛት ዓመታዊ ትርኢት ላይ ፋየር ቦል የተባለ ተወዛዋዥና ተሽከርካሪ ማሽን ሰዎች እንደተሳፈሩበት ተሰብሮ አንድ ወጣት ሞተ፤ ሰባት ሰዎች ቆሰሉ። ማሽኑ 18 ዓመት ገደማ ያገለገለ ነበር፤ ከመከፈቱ በፊትም በተቆጣጣሪዎች ታይቶ አልፏል። የኔዘርላንዱ አምራች ኬኤምጂ ከአደጋው በኋላ ባደረገው ምርመራ መቀመጫዎቹን የሚሸከመው ክንድ ከውስጥ በኩል በዝገት ተበልቶ ውፍረቱ መሳሳቱን ገልጿል። ከውጭ ብረቱ ደህና ይመስል ነበር። ባለሙያ አይቶ አሳልፎታል የሚለው ቃል ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስተማምን ከዚህ ተረዱ።

ሰርተፊኬት አላቸው ስላላችሁት፣ የምን ሰርተፊኬት እንደሆነ አልጻፋችሁም፤ ነገሩ ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። ሻጮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት የሲኢ ምልክት (ዕቃው የአውሮፓ ኅብረትን ደንብ አሟልቷል የሚል ምልክት) ያለበትን ወረቀት ወይም አይኤስኦ 9001ን ነው። የአውሮፓ ኅብረት የማሽነሪ መመሪያ የመዝናኛ ፓርክ መጫወቻዎችን ከሽፋኑ በግልጽ ያወጣቸዋል፤ ስለዚህ በዚያ መመሪያ የተሰጠ የሲኢ ወረቀት ፌሪስ ዊሉ ለተሳፋሪ ደኅና መሆኑን አይመሰክርም። አይኤስኦ 9001 ደግሞ ስለ ፋብሪካው አሠራር እንጂ ስለ እናንተ ማሽን የሚለው ነገር የለም። መጠየቅ ያለባችሁ ሌላ ነው። ንድፉ ኢኤን 13814 በተባለው የአውሮፓ የመጫወቻ ማሽኖች ደረጃ ወይም በቻይናው ጂቢ 8408 መሠረት በገለልተኛ አካል የታየበት ሰነድ፣ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ የተያዘው የጥገና መዝገብ፣ እንዲሁም ዋና ዋና ብየዳዎቹና ፒኖቹ በአልትራሳውንድና በማግኔት ዘዴ የተፈተሹበት የቅርብ ጊዜ ሪፖርት። የማሽኑ መለያ ቁጥር በሦስቱም ላይ አንድ መሆን አለበት። መዝገቡ ጠፍቷል ካሏችሁ ምን ያህል ጊዜ እንደተጫነ የሚያውቅ የለም፤ የቀረውን ዕድሜ ማስላትም አይቻልም። እንዲህ ያለውን ማሽን በሩብ ዋጋ ይቅርና በነፃ ቢሰጧችሁ አትውሰዱት።

ኤሌክትሪኩም የራሱ ጣጣ አለው። የእኛ መስመር 50 ኸርዝ ነው፤ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ማሽኑ ቱርክ ከመድረሱ በፊት አሜሪካ የሠራ ከሆነ ሞተሩ ለ60 ኸርዝ የተበጀ ነው፤ እዚህ ሲገጠም ፍጥነቱ በ17 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ቮልቴጁ ካልተስተካከለለትም ይግላል። ከዚያ በላይ የሚረሳው ከፍታችን ነው። ተራ ሞተሮች ዋስትና የሚሰጣቸው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። አየሩ ሲሳሳ ሞተር በደንብ አይቀዘቅዝም፤ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ጀነሬተርም ደሴ ላይ ከተጻፈለት ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ኮምቦልቻ ላይ ጉዳቱ ያንሳል፣ ግን ይኖራል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ጀነሬተሩ ትርፍ ዕቃ አይደለም፤ ፌሪስ ዊሉ ላይ ልጅ ተሰቅሎ እያለ መብራት ሲጠፋ ያን ልጅ የሚያወርደው እሱ ነው። ጀነሬተሩም እንቢ ቢል ጎማውን በእጅ አዙሮ ሰው ማውረጃ መንገድ ያስፈልጋል። ይህ የሌለው ማሽን ለእኛ ሁኔታ አይሆንም።

ከመሬቱ ላይ ደግሞ ችላ እንዳትሉ የምፈራው ነገር አለ። የኮምቦልቻ ሜዳ በብዙ ቦታ ጥቁር አፈርና የቦርከና ወንዝ ያመጣው ደለል ነው። ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። አጥር ቢያጋድል አጥር ነው፤ የ30 ሜትር ጎማ እግር በጥቂቱ ከተዛባ ግን ዘንጉ ኩሽኔታውን ባልታሰበለት አቅጣጫ ይጫነዋል፣ ቀደም ብዬ ያወራሁላችሁ ስንጥቅም ከዚያ ይጀምራል። አካባቢው የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ መሆኑንም አትርሱ፤ በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ክፉኛ ጎድቶ ነበር። በዚህ ምድር ላይ ያለ አፈር ምርመራና ያለ መዋቅር መሐንዲስ ስሌት ረጅም ብረት አይተከልም። ሰፈር ውስጥ ቤት የሠራ ኮንትራክተር «እኔ አርማታውን አወፍርላችኋለሁ» ቢላችሁ አይበቃም። የአውሮፕላን ማረፊያው እዚያው ኮምቦልቻ ስለሆነ ለ30 ሜትር ቁመት ከሲቪል አቪዬሽን በኩል መጠየቅ እንዳለባችሁም ደላላው አልነገራችሁ ይሆናል።

ነፋስን በአጭሩ ላንሳ። ኢኤን 13814 ለሥራ ሰዓት የሚወስደው የነፋስ ጣሪያ በሰከንድ 15 ሜትር ወይም በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ነው፤ አምራቹ ከዚያ ዝቅ ያለ ቁጥር ከሰጠ የእሱ ይበልጣል። የነፋስ መለኪያ ከጫፉ ላይ ተሰቅሎ ኦፕሬተሩ ማየት አለበት። በአየር የሚነፉ መዝለያዎች ወሰናቸው ከዚህም ያነሰ ነው፤ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር። ብዙ ሰው እነዚህን የሕፃን ነገር ብሎ ይንቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 አውስትራሊያ፣ ታዝማኒያ ውስጥ ነፋስ አንዱን ከትምህርት ቤት ሜዳ አንሥቶ ስድስት ሕፃናት ሞተዋል። መዝለያ ካስገባችሁ እያንዳንዱ ማሰሪያው መሬት ውስጥ በገባ ካስማ ይያዝ፤ በድንጋይ ወይም በአሸዋ ጆንያ አስሮ መክፈት የለም።

ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ ለሚለው፣ ኮምቦልቻ ቆዩ። ደሴ የበለጠ ሕዝብ አላት፤ ግን ጦሳ ተራራ ሥር 4,000 ካሬ ሜትር ደልዳላ መሬት ማግኘት ከባድ ነው፣ ተዳፋቱ ይንሸራተታል፣ ብርዱና ጉሙም ውጭ መዋልን አይወዱም። በዚያ ላይ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ የሚመጣው ኮንቴይነር ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ይወርዳል፤ ረጅም ብረት ጭኖ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ጥምዝምዝ መውጣት ሌላ ወጪ ነው። የደሴ ቤተሰብ ደግሞ እሑድ ቀን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ቆላ ቀመስ አየር ማግኘትን አይጠላም።

እናንተ ያልጠየቃችሁኝ፣ እኔ ግን ከፌሪስ ዊሉ እኩል የማየው ነገር ክረምቱ ነው። ተማሪ ረጅም ዕረፍት የሚያገኘው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ በእኛ አገር ዝናቡ የሚበረታውም ያኔ ነው። ጣሪያ የሌለው ፓርክ ልጆች ነፃ በሆኑበት ወቅት ከሰዓት በኋላውን ተዘግቶ ይውላል። የበልግ ዝናብም አለ። ስለዚህ ከማንኛውም ማሽን በፊት የሚገዛው ጣሪያ ነው፤ ጎኑ ክፍት፣ ከፍ ያለ፣ የውሃ መውረጃው በደንብ የተሠራ የቆርቆሮ አዳራሽ። ሜክሲኮ ላይ በ1999 ተጀምሮ ካይሮና ዱባይ የደረሰው ኪድዛኒያ ከጣሪያ ሥር ነው የሚሠራው፤ ልጆች ዳቦ ጋጋሪ፣ እሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ጋዜጠኛ እየሆኑ ይጫወታሉ። በሐሳቡ መማር ይቻላል፤ ስሙን መለጠፍ አይቻልም። የፋብሪካ ከተማ በሆነችው ኮምቦልቻ ልጆች ጨርቅ ሲሸምኑ፣ ሲጋግሩ፣ ባቡር ሲያሽከረክሩ የሚውሉበት አዳራሽ ያለ አንድ ትልቅ ማሽን ዓመቱን ሙሉ ይሠራል።

ስለ ስም ካነሣሁ፣ የሚኪ ማውስን ሥዕል አጥር ላይ ማሣል በየከተማው ስለተለመደ ባለቤት የሌለው እንዳይመስላችሁ፤ ምልክቱ የዲዝኒ ነው። ደግሞስ ምን አስፈለጋችሁ? ዲዝኒላንድ በ1955 ሲከፈት በአምስት የተለያየ መንፈስ ባላቸው ክፍሎች ተከፍሎ ነበር። መጫወቻዎቹ ብዙዎቹ ተራ ነበሩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው የሻይ ሲኒዎች ጨዋታ በሚዞር ወለል ላይ የሚሽከረከሩ መቀመጫዎች እንጂ ሌላ አይደለም፤ ልጁን የሚስበው ሲኒ ውስጥ መግባቱ ነው። ይህን ማሽን ለእናንተ የሚሠራ ፋብሪካ መቀመጫዎቹን የቡና ሲኒ፣ መካከሉን ጀበና፣ ወለሉን ረከቦት አድርጎ ይሠራላችኋል። ከመሬት ብዙም አይነሣም፣ ጥገናው ቀላል ነው፣ ደግሞም የእኛ ነው።

አልፌ ልሂድና፣ ቦታውን በአራቱ ቅኝቶች ክፈሉት። ባቲ የገበያው ጥግ ይሁን፤ የፈረስ ሽክርክሪቱ በፈረስ ፋንታ ግመሎች ይኑሩት፣ ዙሪያው ትንንሽ ሱቅና ምግብ ይሁን። አምባሰል መውጫና የገመድ ድልድይ ይሁን፤ ተራራ ነውና። ትዝታ ለትልልቆች ጥላ፣ መቀመጫና ሲኒዎቹ ያሉበት ይሁን። አንቺ ሆዬ መድረክ። በየጥጉ የሚሰማው የራሱ ቅኝት፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ በክራርና በማሲንቆ። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የት እንዳለ የሚያውቅበት ፓርክ ዱባይ ላይ ወንድማችሁ አላየም። ይህን ከልቤ ነው የምላችሁ፤ ቅኝቶቹ የተወለዱበት አገር ላይ ሆኖ የሌላ አገር አይጥ መኮረጅ ያሳዝነኛል።

የሠራተኛን ነገር ችላ አትበሉ። ሌጎላንድን የሚያስተዳድረው የእንግሊዙ ሜርሊን በጁን 2015 አልተን ታወርስ በተባለው ፓርኩ ውስጥ ከባድ አደጋ ደረሰበት። የሮለር ኮስተሩ (በሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጠው የመጫወቻ ባቡር) መቆጣጠሪያ መስመሩ ላይ ባዶ ባቡር መቆሙን አውቆ አግዶ ነበር፤ ሠራተኞቹ የማሽኑ ስሕተት መስሏቸው እገዳውን አልፈው ሰው የጫነውን ለቀቁት። ሁለት ወጣት ሴቶች እያንዳንዳቸው አንድ እግራቸውን አጡ፤ ኩባንያው 5 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። ያን ያህል ልምድ ያለው ድርጅት ቤት ይህ ከሆነ፣ ዘመድ ስለሆነ የተቀጠረ ልጅ ቲኬት እየቆረጠ በጎን ማሽን እንዲያንቀሳቅስ መፍቀድ አይታሰብም። ኦፕሬተሩ ሥራው አንድ ይሁን፤ ማሽኑን ያለማንም ፈቃድ ማቆም ይችል፣ ስላቆመም አይቆጡት። ጧት ጧት ማሽኑ ባዶውን ይዙር፣ ፒኑ፣ ቡሎኑ፣ ቀበቶው ታይቶ በመዝገብ ይፈረም። ቡሎን ሲቀየር አምራቹ የጻፈው የጥንካሬ ቁጥር፣ 8.8 ወይም 10.9፣ ራሱ ላይ የታተመበት ይሁን፤ ከሱቅ ውፍረቱ ስለገጠመ ብቻ የተገዛ አይሁን። የቁመት መለኪያው መግቢያው ላይ ይቁም፤ የባለሥልጣን ልጅም ቢሆን አጥሮ ከተገኘ አይሳፈርም።

የምመክራችሁ እንግዲህ ይህን ነው። ያገለገለውን ፌሪስ ዊልና መርከብ አትግዙ። ያገለገለ ነገር የግድ ከፈለጋችሁ ከመሬት የማይነሣውን ውሰዱ፤ ባምፐር ካር (እየተጋጩ የሚጫወቱበት ትንሽ መኪና) ወይም ትንሽ ባቡር ቢበላሽ ይቆማል እንጂ ሰው ይዞ አይወድቅም፤ እሱም ቢሆን ኤሌክትሪኩ ታይቶ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው፣ የልጆች የሙያ አዳራሹ፣ ሲኒዎቹ፣ የግመል ሽክርክሪቱና ባቡሩ ይበቃሉ። ሲኒዎቹንና ሽክርክሪቱን አዲስ፣ በቀጥታ ከፋብሪካ እዘዙ፤ በውሉ ላይ 380 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 1,850 ሜትር ከፍታ ተብሎ ይጻፍ። የሁለት ዓመት መለዋወጫ፣ ኩሽኔታውን፣ የፍሬን ሸራውንና የመቀመጫ መቆለፊያ ስፕሪንጎቹን ጨምሮ፣ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይምጣ፤ በኋላ ለአንዲት ስፕሪንግ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ መጠበቅ ፓርኩን ያዘጋል። የክፍያው የተወሰነ ክፍል ማሽኑ ኮምቦልቻ ላይ ተተክሎ፣ በአሸዋ ከረጢት ተጭኖ ተፈትኖ እስኪያልፍ በእጃችሁ ይቆይ። ከሦስታችሁ አንዱ አንድ መካኒክ ይዞ ፋብሪካው ድረስ ሄዶ ማሽኑ ሲገጣጠም ይይ።

ፌሪስ ዊል ሕልማችሁ ከሆነ ከሁለተኛው ዓመት በኋላ፣ የአፈሩን ውጤት ይዛችሁ፣ ከ20 ሜትር ያልበለጠ አዲስ ይሁን። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ብየዳውን የሚመረምር ባለሙያ በውል ያዙ፤ በአገራችን የነዳጅ ታንክ፣ የእንፋሎት ቦይለርና አውሮፕላን የሚፈትሹ ሰዎች መሣሪያውም ችሎታውም አላቸው። የኢንሹራንስ ኩባንያው ለሦስተኛ ወገን ጉዳት ዋስትና ሲሰጥ የሚጠይቃችሁም ይህንኑ ሪፖርት ነው።

ዕቃውን ጨርሶ መተው ከከበዳችሁ፣ ለደላላው ዛሬ የምትልኩለት መልእክት አጭር ይሁን፦ የማሽኑ መለያ ቁጥር፣ የተሠራበት ዓመት፣ የጥገና መዝገቡ ቅጂና የብየዳ ምርመራ ሪፖርቱ። እስኪመጡ ድረስ ቅድሚያ ክፍያ አትላኩ። በዚህ መካከል የአፈር ምርመራውን አስጀምሩ፤ ማሽኑ ምንም ይሁን ምን ለጣሪያው መሠረትም ያስፈልጋችኋል።